የስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ፓወር ፋክተር ማሻሻያ፦ ካፓሲተር ባንክ ለምን አይበቃም?

በኮምፒዩተርና በቴሌቪዥን ውስጥ የሚገኘው ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ዝቅተኛ ፓወር ፋክተር ሲያሳይ፣ ለሞተር እንደሚደረገው ሁሉ ካፓሲተር ባንክ መግጠም መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ይህ ጽሑፍ የችግሩ ምንጭ የተለየ በመሆኑ መፍትሔውም የተለየ መሆን እንዳለበት ያሳያል።

በሞተር ላይ ፓወር ፋክተር የሚወርደው ጅረቱ ከቮልቴጁ ስለሚዘገይ ነው። በፓወር ሰፕላይ ግን ዋናው ምክንያት የጅረቱ ቅርጽ መዛባት ነው። ከሬክቲፋየሩ ቀጥሎ ያለው ካፓሲተር የሚሞላው የመስመሩ ቮልቴጅ ከእርሱ ቮልቴጅ ሲበልጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በ220 ቮልት መስመር ጅረቱ የሚፈሰው ሞገዱ ወደ 311 ቮልት ጫፉ ሲቃረብ፣ በጠባብ ምት ነው።

እውነተኛው ፓወር ፋክተር የሚገኘው የጠቅላላ ሃርሞኒክ መዛባትን ዳግም ርቢ ከ1 ጋር ደምረን፣ በድምሩ ዳግም ዘር የመዘግየት ፋክተሩን ስናካፍል ነው። ለምሳሌ የመዘግየት ፋክተሩ 0.98፣ መዛባቱ 120 በመቶ ቢሆን ውጤቱ 0.63 ይሆናል። ካፓሲተር ባንክ መዘግየቱን ሙሉ በሙሉ ቢያስወግድ እንኳ ውጤቱ ከ0.64 አያልፍም፤ ከትራንስፎርመሩ ኢንዳክታንስ ጋር ሬዞናንስ ከፈጠረ ደግሞ ሃርሞኒኮቹን ያጎላል። በሦስት ፌዝ ሥርዓት 3ኛው ሃርሞኒክና ብዜቶቹ በኒውትራል ሽቦ ላይ ስለሚደመሩ፣ የሽቦው ጅረት ከፌዙ ጅረት እስከ 1.73 እጥፍ ሊደርስና ሽቦውን ከልክ በላይ ሊያግለው ይችላል።

ተስማሚው መፍትሔ በሬክቲፋየሩና በካፓሲተሩ መካከል ቡስት ኮንቨርተር ማስገባት ነው። የውጤት ቮልቴጁ ከመስመሩ ጫፍ መብለጥ ስላለበት ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት አካባቢ ይመረጣል። ፈጣኑ የውስጥ ቁጥጥር ዑደት የኢንዳክተሩ ጅረት የመስመሩን ሞገድ ቅርጽ እንዲከተል ሲያደርግ፣ የውጭው ዑደት የውጤት ቮልቴጁን ያረጋጋል።

ንድፍ አውጪው መጠንቀቅ ያለበት በውጭው ዑደት ላይ ነው። በ50 ሄርዝ መስመር ካፓሲተሩ ላይ የ100 ሄርዝ መዋዠቅ መኖሩ የማይቀር ነው። ዑደቱ ፈጣን ሆኖ ይህን መዋዠቅ ለማጥፋት ከሞከረ፣ በመስመሩ ጅረት ላይ 3ኛውን ሃርሞኒክ መልሶ ይፈጥራል። ባንድዊድዙ ብዙ ጊዜ ከ20 ሄርዝ በታች የሚደረገውም ለዚህ ነው። ዋጋው ጭነት በድንገት ሲለወጥ ምላሹ መዘግየቱ ሲሆን፣ ይህንንም በቂ ካፓሲተርና ተከታዩ ኮንቨርተር ይሸከሙታል።

መዛባቱ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ በዚያው የመዘግየት ፋክተር፣ ፓወር ፋክተሩ 0.98 ይደርሳል። ስለዚህ ማሻሻያ ከመምረጥ በፊት የጅረቱን ሞገድ በኦሲሎስኮፕ መመልከት ይገባል።