ለሁለት ጌታ የሚያድር ኤሌክትሮድ

ቆይ እስቲ እህትዓለም፤ ያንን ላንታነም ኦክሳይድ ከጠርሙሱ ቀጥታ ልትመዝኚው ነው እንዴ? ተይ! ይሄ ዱቄት የአየሩን እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲስብ ነው የሚውለው። ሚዛኑ ያሳየሽ ሁሉ ላንታነም ኦክሳይድ እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አቃጥዪው፣ ትኩስ እያለ ዴሲኬተር ውስጥ አስገቢው፣ ሲበርድ ቶሎ መዝኚ። አለበለዚያ ኤክስሬይሽ ላይ የማታውቂው ፒክ ብቅ ሲል ያለጥፋቱ እቶኑን ስትራገሚ ትከርሚያለሽ።

የኤሌክትሮድሽ ቀመር ውስጥ ኮባልቱን ለምን እንዳበዛሽው ገብቶኛል፤ በአየር በኩል ግሩም ነው። ግን የያዝሽው በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ኤሌክትሮድ ያለበት የነዳጅ ሴል ነው፤ ቁሱ የሚያድረው ለሁለት ጌታ ነው። በአንዱ በኩል 21 በመቶ ኦክስጅን አለ፤ በሌላው ሃይድሮጅን ነው፣ ኦክስጅን የለም ቢባል ይቀላል። ኮባልት የበዛበት ፔሮቭስካይት እዚያ ሲገባ ይፈራርሳል። ሲሞቅም መሃል ካለው የዚርኮኒያ ኤሌክትሮላይት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ይላጣል።

ስለዚህ ከሃይድሮጅኑ ወገን ጀምሪ። ታኦና ኧርቪን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት የክሮሚየምና ማንጋኒዝ ፔሮቭስካይት በሁለቱም ጋዝ ይጸናል፤ ችግሩ 900 ዲግሪ ላይ በአየር በሴንቲሜትር 38 ሲመንስ ያህል የሚያስተላልፈው፣ ሃይድሮጅን ውስጥ ወደ 1.5 ማሽቆልቆሉ ነው። በ2010 የወጣው የስትሮንሺየም፣ ብረትና ሞሊብዲነም ቁስ ግን ሲታተም እንደተዘገበው ማስተላለፉ በሁለቱም ወገን በመቶዎች ይቆጠራል። እኔ ብሆን ከእሱ እነሳለሁ። ከዚርኮኒያ ጋር ስለማይስማማ ብቻ መሃላቸው ስስ የሴሪያ ንጣፍ አድርጊ።

ኒኬል ካማረሽም ከላይ አትቀቢው፤ ቀመሩ ውስጥ ጥቂት አስገቢ። ስትሮንሺየም የሚቀመጥበትን ቦታ በትንሹ አጉድለሽ ብትተዪ፣ ኒኬሉ ሃይድሮጅን ሲያገኘው በደቃቅ ቅንጣት መልክ ወደ ገጹ ይወጣል። ሥሩ ቁሱ ውስጥ ስለሚቀር እንደተቀባው ተንሸራቶ አይጓጉልም፣ ካርቦንም እንደልቡ አይበቅልበትም።

ታዲያ የመጀመሪያው ውጤት አማረ ብለሽ ወደ አማካሪሽ እንዳትሮጪ። በናይትሮጅን አጥበሽ ጋዞቹን አለዋውጪ፤ ካርቦንና ድኝ ሲያስቸግር በአየር አቃጥሎ ማጽዳት የዚህ ሴል ዋና ጥቅሙ አይደል? ከዚያ ኢምፒዳንሱን እንደገና ለኪ። የኩርባው ግራ ጫፍ ከቦታው ከሸሸ መጀመሪያ የሽቦሽን ንክኪ እዪ። ቅስቱ ራሱ ከሰፋ ግን ኤሌክትሮዱ ነው፤ ያኔ ቀመሩን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናየዋለን።