ቴሌቪዥንን ለኮምፒውተር ጨዋታም እንዲያገለግል አድርጎ ስለ መምረጥ

አንድ ገዢ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ ትልቅ ቴሌቪዥን ሲጠይቅ፣ የቈየው ልማድ ስፋቱን በኢንች፣ ዋጋውን በብር ነግሮ መስማማት ነው። ዛሬ ግን ከገዢዎች መካከል፣ ይልቁንም ከወጣቶቹ፣ ሁለት ስክሪን ለመግዛት ገንዘቡም ቦታውም ስለማይበቃቸው፣ ቤተ ሰቡ ዜናና ፊልም የሚያይበት ያው ቴሌቪዥን ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ለጨዋታና ለጽሕፈት ሥራም እንዲያገለግላቸው የሚፈልጉ አሉ። ባለሱቁም ነገሩን እንደ ተራ ጥያቄ ቈጥሮ «ምን ችግር አለው፤ ሁሉም የኮምፒውተር ገመድ ይቀበላል» ብሎ ይሸጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ገዢው ካርቶኑን አሸክሞ ይመለሳል። ፊልሙ ያማረ ነው፤ ፊደሉ ግን ደብዝዟል፤ ወይም ቍልፉ ከተጫነ በኋላ በጨዋታው ውስጥ ያለው ሰው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ይዘገያል።

በዚህ ጊዜ የሚነሣው ክርክር አስቸጋሪ የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች እውነት ስላላቸው ነው። ባለሱቁ «ዕቃው ደኅና ነው» ሲል አልዋሸም፤ ገዢውም «የጠየቅሁትን አላገኘሁም» ሲል አላጠፋም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ መግዣ በብር ሲቈጠር እጅግ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ያለ በቂ ዕውቀት ታዝዞ የመጣ ቴሌቪዥን በመጋዘን ቢቀር የአስመጪው ገንዘብ ታስሮ ይቀራል፤ ከሱቅ ቢመለስም ባለሱቁ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ደንበኛውን ያጣል።

የነገሩ ሥር ቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ሞኒተር መልካቸው ቢመሳሰልም የተሠሩበት አሳብ የተለያየ መሆኑ ነው። የቴሌቪዥን ፋብሪካ ተመልካቹ ራቅ ብሎ እንደሚቀመጥ ያስባል። ስለዚህ የሚመጣለትን ሥዕል እንዳለ አያሳይም፤ አስቀድሞ ጉድፉን ይጠርጋል፣ ጠርዙን ያጎላል፣ እንቅስቃሴውንም ያለሰልሳል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ፊልም ለሚያይ ሰው ድምፁም ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሚዘገይ መዘግየቱ አይታወቅም። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ በተለመደው አሠራር ከ50 እስከ 100 ሚሊሴኮንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ማውስ ለያዘ ሰው ግን ይህ ከባድ ነው፤ እጁና ዓይኑ የተለያዩ ይመስለዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ጌም ሞድ የተባለው ማስተካከያ ሲሆን፣ በደኅና ቴሌቪዥን ላይ መዘግየቱን ከ20 ሚሊሴኮንድ በታች ያወርደዋል። ብዙ ገዢዎች ይህ ማስተካከያ መኖሩን ሳያውቁ ዕቃውን ይመልሳሉ፤ ባለሱቁ ሪሞቱን ይዞ አንድ ደቂቃ ቢያሳያቸው ኖሮ ግማሹ ቅሬታ ባልተነሣም ነበር።

ሁለተኛው ነገር ሥዕሉ የሚታደስበት ፍጥነት ነው። ኸርዝ የሚባለው ቍጥር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሥዕሉ ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ይናገራል። (በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ያለው 50 ኸርዝ በዚያው መለኪያ ይጠራ እንጂ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ሻጮች ስላሉ መናገሩ ይገባል።) በ60 ኸርዝ ስክሪን አንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊሴኮንድ ሲቈይ፣ በ120 ኸርዝ ግን 8.3 ብቻ ይቈያል። በካርቶን ላይ «ሞሽን» ከሚል ቃል ጋር ተጽፎ የሚታየው ትልቅ ቍጥር ግን ብዙ ጊዜ የፓኔሉ እውነተኛ ፍጥነት አይደለም፤ ፋብሪካው የማለስለሻውን ሥራ ጨምሮ ለማስታወቂያ ያወጣው ስም ነው። ከዚህም የባሰ፣ በአንድ የሞዴል ስም ከሚጠሩት መካከል ትልልቆቹ 120 ሲሆኑ ትናንሾቹ 60 ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። የ55 ኢንቹን መግለጫ አንብቦ 43 ኢንቹን ያዘዘ አስመጪ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ዋናውና ብዙ ነጋዴ ያልተረዳው ጉዳይ ግን የኤችዲኤምአይ መግቢያው ነው። ነገሩ በቀላል ሒሳብ ይገለጣል። 4ኬ የሚባለው ስክሪን በወርዱ 3840፣ በቁመቱ 2160፣ በጠቅላላው 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 24 ቢት ቢቈጠር፣ በሴኮንድ 60 ሥዕል ለማስተላለፍ 12 ጊጋቢት ያህል ያስፈልጋል። ኤችዲኤምአይ 2.0 የተባለው መስፈርት 18 ጊጋቢት ይችላል ቢባልም፣ ለራሱ አሠራር የሚያስቀረው ሲቀነስ ለሥዕሉ የሚተርፈው 14.4 ነው። ስለዚህ 60 ኸርዝ በምቾት ያልፋል። 120 ኸርዝ ሲሆን ግን የሚያስፈልገው 24 ጊጋቢት ያህል ስለሚሆን መንገዱ ይጠባል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ መሣሪያዎች ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ነጥብ ይልኩና ቀለሙን ለአራት ነጥቦች አንድ አድርገው ያሳልፋሉ፤ ይህም 4:2:0 ይባላል። በፊልም ላይ ይህ ጉድለት አይታይም፤ ፊልሞችም የሚሸጡት በዚሁ መንገድ ተጨምቀው ነው። በቀጭን ፊደል ላይ ግን ጠርዙ ይቀልጣል፣ ቀለሙም ይፈስሳል። ለኮምፒውተር የሚያስፈልገው ቀለሙ ሳይቀነስ የሚያልፍበት 4:4:4 የተባለው ነው።

ይህን ጥበት ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 እስከ 48 ጊጋቢት እንዲያስተላልፍ ታስቦ ነው። አገልግሎቱ በገበያ ላይ በግልጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የኤንቪዲያ 30 ተከታታይ ግራፊክስ ካርዶች፣ ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ወጥተዋል። ነገር ግን «2.1» የሚለውን ቍጥር ብቻ አይቶ መግዛት አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የመስፈርቱ ፈቃድ ሰጪ አካል እንዳረጋገጠው፣ አዲሶቹ ችሎታዎች በውዴታ የሚጨመሩ እንጂ ግዴታ አይደሉም፤ በሥራው የቀድሞውን የማይበልጥ መግቢያም በአዲሱ ስም ሊጠራ ይችላል። ደግሞም አራት መግቢያ ካላቸው ቴሌቪዥኖች መካከል ሁለቱ ብቻ ሙሉውን ፍጥነት የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፤ ከነዚያም አንዱ ለድምፅ መሣሪያ የተመደበው ሆኖ ይገኛል። ገዢው በዚያ ላይ የድምፅ ማጉያ ከሰካ ለኮምፒውተርና ለፕሌይስቴሽን የሚቀረው አንድ ብቻ ነው።

ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሎቹን በእኩል ጊዜ ማውጣት በማይችልበት ጊዜ ቴሌቪዥኑ ፍጥነቱን ከካርዱ ጋር እያስማማ እንዲሄድ የሚያደርገው ቪአርአር የተባለው ችሎታ ነው። ይህ ከሌለ ሥዕሉ በመካከሉ እንደ ተቀደደ ወረቀት ይታያል። እርሱም ከሚጠየቁት አንዱ መሆን ይገባዋል።

የፊደሉን ጥራት ለመፈተን ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ባለሱቁ አንድ ላፕቶፕ አገናኝቶ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ በቀይ ቀለም ትንንሽ ፊደላትን ጽፎ ማሳየት ይበቃዋል። የፊደሉ ጠርዝ የተሟሸ ከሆነ ቀለሙ እየተቀነሰ ነው ማለት ነው። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች፣ ለምሳሌ በብዙዎቹ የኤልጂና የሳምሰንግ ሥራዎች ላይ፣ የመግቢያውን ስም ወይም ምልክት ወደ ፒሲ መለወጥ ብቻ ችግሩን ያቃልለዋል። የኮምፒውተሩ ሥዕል ዳር ዳሩ ተቈርጦ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን እያሰፋው ስለ ሆነ በሥዕል ስፋት ማስተካከያ ይታረማል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት የተመለሱ ዕቃዎች አሉ።

ስለ መጠን ሲነሣ «ትልቅ ይሻላል» የሚለው አባባል ለሳሎን እንጂ ለጠረጴዛ አይሠራም። አራት ባለ 24 ኢንች ሙሉ ኤችዲ ሞኒተሮች ሁለት በሁለት ቢደረደሩ ልክ አንድ ባለ 48 ኢንች 4ኬ ይሆናሉ፤ የነጥቦቻቸውም ጥግግት እኩል ነው፣ በአንድ ኢንች 92 ያህል። ስለዚህ ከሞኒተር የለመደ ሰው በ48 ኢንች ላይ ፊደሉን በለመደው መጠን ያነብባል። 55 ኢንች ሲሆን ጥግግቱ ወደ 80፣ 65 ሲሆን ወደ 68 ይወርዳል። ደግሞም የ55 ኢንቹ ወርድ 122 ሴንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በተለመደ ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠ ሰው ዳር ያለውን ለማየት አንገቱን ማዞር ግድ ይሆንበታል። ለጠረጴዛ ከ42 እስከ 48፣ ሶፋ ላይ ሆኖ ለሚጫወት ከ55 በላይ ማቅረብ ይመረጣል። ገዢውን «የት ይቀመጣል?» ብሎ መጠየቅ «ስንት ኢንች ይፈልጋሉ?» ከማለት የበለጠ ይጠቅማል።

ስለ ፓኔሉ ዓይነት ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኦሌድ የሚባለው ጥቍሩ ፍጹም ጥቍር፣ ለውጡም ፈጣን ስለ ሆነ ለጨዋታ የሚወዳደረው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤልጂ 48 ኢንቹን እ.ኤ.አ. በ2020፣ 42 ኢንቹን በ2022 ካወጣ ወዲህ ለጠረጴዛ የሚበቃም ተገኝቷል። ሆኖም የማይንቀሳቀስ ሥዕል፣ እንደ ኮምፒውተሩ የታችኛው መስመር ወይም በጨዋታ ውስጥ ዘወትር በአንድ ስፍራ እንደሚቀመጥ የነጥብ ሰሌዳ፣ ለብዙ ሰዓት ሲቈይበት አሻራው በስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል፤ በዋስትናቸውም ይህን የማይሸፍኑ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። እንግዲህ ከጥዋት እስከ ማታ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ለሚያስጫውት ፕሌይስቴሽን ቤት ኦሌድ መሸጥ ለጊዜው ትርፍ ቢሆንም ውሎ አድሮ ጠብ ነው። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ደኅና ኤልኢዲ ማቅረብ ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀልለታል።

አስመጪው ፕሮፎርማ ሲጠይቅ ከሞዴሉ ሙሉ ቍጥርና ከመጨረሻ ፊደላቱ ጋር የሚከተሉት በጽሑፍ እንዲመለሱለት ማድረግ ይገባዋል፤ የፓኔሉ እውነተኛ ኸርዝ በሚታዘዘው ኢንች ስንት እንደ ሆነ፣ 4ኬ በ120 ኸርዝ በ4:4:4 የሚቀበለው የትኛው መግቢያ እንደ ሆነ፣ ቪአርአር ያለው ወይም የሌለው መሆኑን። አቅራቢው «ኤችዲኤምአይ 2.1 ነው» ብሎ ብቻ ቢመልስ ጥያቄው አልተመለሰም። ብዙ ካርቶን ከመታዘዙ በፊት አንድ ናሙና አስመጥቶ በኮምፒውተር መፈተን የሚወስደው ሁለት ሰዓት ነው። ከቴሌቪዥኑ ጋር «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚል የማረጋገጫ መለያ የተለጠፈበት ገመድም አብሮ ማስመጣት ያስፈልጋል፤ መልካም ቴሌቪዥን በመጥፎ ገመድ ምክንያት ሥዕሉ ብልጭ ጥፍት ሲል ገዢው የሚከሰው ገመዱን ሳይሆን ቴሌቪዥኑን ነው። ባለሱቁም የተፈተነውን ኸርዝና ገመዱ የሚሰካበትን መግቢያ ቍጥር በደረሰኙ ላይ ጽፎ ለገዢው ቢሰጥ፣ ዕቃው ቤት ገብቶ በሌላ መግቢያ ላይ ተሰክቶ ቅሬታ በሚነሣበት ጊዜ ጉዳዩ በስልክ ያልቃል።