ለጓሮ የሚሆን የወተት ፍየል ማዳቀል

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መሬቱ የጠበበበት፣ ላም ለመግዛትም ሆነ ለመቀለብ አቅም ያጠረው ቤተሰብ ወተት ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ፍየል ነው። በሐረርጌ የፍየል ወተት ለሆጃ ይፈለጋል። ፍየል የማትታለብባቸው የደጋ አካባቢዎችም ስላሉ፣ የልማት ሠራተኛው ስለ ዝርያ ከማውራቱ በፊት «ወተቱን ማን ይጠጣዋል? ማንስ ያልባል?» ብሎ እመቤቲቱን መጠየቅ ይገባዋል። አብዛኛውን ጊዜ ፍየሏን የምትይዘው እርሷ ናትና።

በአገራችን በዚህ ረገድ በስፋት የሚታወቀው ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በሐረርጌና በደቡብ ያካሄደው ነው። የአካባቢው ፍየል አንግሎ ኑቢያን ከሚባለው ዝርያ ጋር ተዳቀለ። ይህ ዝርያ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ አፍንጫው የጎበጠ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ፍየል ከሕንድና ከመካከለኛው ምሥራቅ ከመጡ አውራዎች ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ወተቱ ቅባት ይበዛዋል።

ነገር ግን በሐረርጌ ገበሬዎች ዘንድ ተጠንቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ ልብ ሊባል ይገባል። ወተቱ ብቻ ሳይሆን ሥጋው፣ ፍግውና ለክፉ ቀን መጠባበቂያነቱ ሁሉ ሲሰላ፣ ክልሶቹ በደንብ ከተያዙት የአካባቢው ፍየሎች የበለጠ ጥቅም አላስገኙም። የተሻለ ውጤት ያመጣው በይበልጥ አያያዙ ነበር። ስለዚህ መኖና ሕክምና ሳይዘጋጅ አውራ ማምጣት ሥራውን ከጅራቱ መጀመር ነው ብለን እናምናለን።

አያያዙን ያሻሻለ ቤተሰብ ማዳቀል ቢፈልግ፣ ንጹሕ የውጭ አውራ ከአካባቢው እንስት ጋር ሲገናኝ የሚወለደው 50 በመቶ የውጭ ደም ይኖረዋል። ይህችው ክልስ እንደገና በንጹሕ አውራ ብትጠቃ ልጇ 75 በመቶ ትሆናለች። ደሙ በጨመረ ቁጥር የመኖ ፍላጎት ይጨምራል፣ ድርቅንና በሽታን መቋቋም ግን ይቀንሳል። ለጓሮ ከ50 በመቶ ባይታለፍ እንመርጣለን።

ለማዳቀል የምትመረጠው ቢያንስ አንድ ጊዜ የወለደች፣ ሰውነቷ ሰፋ ያለ ፍየል ናት። ትንሿን ቄብ በትልቅ አውራ ማስጠቃት በወሊድ ጊዜ እናቲቱንም ግልገሉንም ሊያሳጣ ይችላል። ድራት የመጣባት ፍየል ትጮኻለች፣ ጅራቷን ታወዛውዛለች፣ በሌሎች ላይ ትወጣለች። ምልክቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል፤ ካልጸነሰች ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ይመለሳል። እርግዝናው 150 ቀን ያህል ነው። ሚያዝያ 10 ቀን የተጠቃች ፍየል መስከረም 5 ገደማ ስለምትወልድ፣ ክረምት በሚዘንብበት አገር ለምለም ቅጠል ባለበት ወቅት ታጠባለች ማለት ነው።

ማኅበሩ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የአውራው ጉዳይ ነው። አንድ ጎልማሳ አውራ ለ25 ወይም ለ30 እንስት ይበቃል። ይሁን እንጂ ሥራ በጀመረ በ5ኛው ወር ልጆቹ መወለድ ይጀምራሉ፤ እነርሱም ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ድራት ሊመጣባቸው ይችላል። ስለዚህ አውራው አንድ ዓመት ሳይሞላው ከጎረቤት ቀበሌ ማኅበር አውራ ጋር ይለወጥ። «ይህ የእኛ ነው፣ አንሰጥም» የሚል ክርክር መነሣቱ ስለማይቀር፣ የልውውጡ ቀን አውራው ከመምጣቱ በፊት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ክልስ ወጠጤዎች ለዘር ካልተመረጡ በሦስት ወራቸው ከእንስቶቹ ይለዩ ወይም ይኮላሹ።

40 ኪሎ የምትመዝን ጥገት በቀን እስከ 6 ኪሎ ያህል ለጋ ቅጠልና ሣር ትፈልጋለች። ሰስባንያ፣ ሉኪንያ፣ የስኳር ድንች ሐረግ በአጥር ጥግና በእርከን ላይ ማብቀል ይቻላል፤ ሉኪንያ ግን ከቀለቧ ሲሶ አይብለጥ። የጠላ አተላ፣ ፉርሽካ፣ ጨውና ንጹሕ ውኃ ይጨመርላት። መኖው መሬት ላይ አይበተን፤ ፍየል የረገጠችውን አትበላም።

ስለ በሽታው፦ ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታና ተላላፊው የፍየል ሳንባ በሽታ ክትባት ያላቸው ሲሆኑ፣ ክትባቶቹም ቢሾፍቱ ይመረታሉ። ጊዜውን ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር መወሰን ያስፈልጋል። ከሌላ ቦታ የመጣ አውራ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ግልገሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገሩን ይጥባ። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ ጡት አንዱን ለሰው ማለብ፣ ሌላውን ለግልገል መተው ቀላል ዘዴ ነው። ወተቱ ሳይፈላ ለሕፃን አይሰጥ።

እመቤቲቱ መጻፍ ባትችልም፣ ተማሪ ልጇ የጥቃቱን ቀን፣ የአውራውን መለያ፣ የወሊዱን ቀንና በሳምንት አንድ ቀን በኩባያ የተለካውን ወተት በደብተር ሊይዝላት ይችላል። ከሁለት ወሊድ በኋላ የትኛዋ ክልስ ልትቆይ፣ የትኛዋ ልትሸጥ እንደሚገባ ከዚህ ደብተር ላይ ይወሰናል።