ፍሎረንስ የሚባለው ስም

ሰው ኹሉ ስም አለው። ስሙን የሚያወጡለት ወላጆቹ ናቸው፤ ማስከበርና ማዋረድ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው።

በእንግሊዝ አገር ፍሎረንስ ተብለው የሚጠሩ ሴቶች አሉ። ይህ ስም ከጥንት ሮማውያን ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የሚያብብ፥ የሚለመልም ማለት ነው። በኢጣልያ አገር ያለች አንዲት ታላቅ ከተማም በዚሁ ስም ትጠራለች።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1820 ዓመት፥ ናይቲንጌል የሚባል አንድ እንግሊዛዊ ባለጠጋ ከሚስቱ ጋራ በኢጣልያ ሳለ፥ በዚያች ከተማ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ስለዚህ በከተማይቱ ስም ፍሎረንስ አሏት። ታላቅ እኅትዋም በ1819 በናፖሊ ከተማ ስለ ተወለደች፥ በናፖሊ የጥንት ስም ፓርቴኖፔ ተብላ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍሎረንስ የሚባሉ ሴቶች ጥቂቶች ነበሩ።

ፍሎረንስ ባደገች ጊዜ በሽተኞችን ማስታመም ወደደች። በዚያ ዘመን ግን የአስታማሚ ሥራ የተናቀ ነበረ። ወላጆችዋም ይህ ለባለጠጋ ልጅ አይገባም ብለው ብዙ ዓመት ከለከሏት። እርስዋ ግን ታገሠች እንጂ አሳብዋን አልተወችም፤ በመጨረሻም ወደ ጀርመን አገር ሄዳ ሥራውን ተማረች።

በ1854 እንግሊዝ ከሩስያ ጋራ ስትዋጋ፥ ፍሎረንስ 38 አስታማሚዎች ይዛ በቁስጥንጥንያ አንጻር ወደምትገኘው ወደ እስኩታሪ ሄደች። በዚያ ያሉትን ወታደሮች በእድፍና በተባይ መካከል ተኝተው አገኘቻቸው። ከቍስሉም ይልቅ ተስቦና ተቅማጥ ይገድላቸው ነበር። እርስዋም ቤቱን አስጠረገች፤ ልብሳቸውን አሳጠበች፤ ለድውያን የሚስማማ ምግብ አዘጋጀች። ሌሊትም ፋኖስ ይዛ እያንዳንዱን ትጐበኝ ነበር።

ዝናዋ በአገርዋ በተሰማ ጊዜ፥ ብዙ ወላጆች ለሴቶች ልጆቻቸው ፍሎረንስ የሚል ስም አወጡ። እነዚህ ሰዎች ያሰቡት የኢጣልያን ከተማ አይደለም፤ ፋኖስ የያዘችውን ሴት ነው እንጂ። እርስዋም በ1860 በሎንዶን የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት አቆመች፤ በ1910 በ90 ዓመትዋ ዐረፈች።

ፍሎረንስ ስምዋን ያገኘችው ከከተማ ነው፤ ከእርስዋ በኋላ የተወለዱት ግን ከእርስዋ አገኙት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ስለዚህ ነው። ልጆች ሆይ፥ የስማችሁን ትርጓሜ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ ከዚያም በሥራችሁ ፈጽሙት።