የጥርስ ኢናሜል አፈጣጠርና የጉድጓድ ውኃችን

በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ አጥቢያዎች ስንዘዋወር ጥርሳቸው የበለዘ ወጣቶችን እናገኛለን። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚከድኑም አሉ። ወላጆች «አልፋቅ ብሎ ነው» እያሉ ልጁን ይወቅሳሉ። መፋቂያ ግን ይህን አያስለቅቅም፤ ጉዳቱ የደረሰው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ ነውና።

ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ልባስ ከሰውነታችን ሁሉ የጠነከረው ክፍል ነው፤ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ይሁን እንጂ ሥራው የሚጀመረው በለስላሳ ፕሮቲን ነው። አሜሎብላስት የተባሉ ሕዋሳት አስቀድመው አሜሎጀኒን የተሰኘውን ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ በዚያን ጊዜ ካለው ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉ እርሱ ነው። ኢናሜሊንና አሜሎብላስቲን በጥቂቱ ይታከሉበታል። እነዚህ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እንደሚቆመው ርብራብ ናቸው፤ የካልሲየምና የፎስፌት ክሪስታሎች ተደርድረው እንዲያድጉ መሥመር ያሲዛሉ። ከዚያ ኤም ኤም ፒ 20 እና ኬ ኤል ኬ 4 የተባሉ ኢንዛይሞች ርብራቡን ቆራርጠው ያፈርሱታል፤ በተለቀቀውም ቦታ ማዕድን ይሞላል።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ጥርስን ይጠቅማል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ይህን ርብራብ የማንሣት ሥራ ያጓትታል። ፕሮቲኑ በጊዜው ሳይወገድ ይቀርና ኢናሜሉ ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ይሆናል፤ ጥርሱ ከወጣ በኋላም ቀለም እየመጠጠ ይበልዛል። ጥርስ ሲወጣ አሜሎብላስት ሕዋሳት ስለሚጠፉ የተበላሸውን መልሶ የሚሠራ የለም። ስለዚህ የሚያሰጋው ዕድሜ እስከ 8 ዓመት ያለው ነው፤ ለላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ደግሞ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት።

ጉዳዩ ሰበካ ጉባኤያትን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ፍሎራይድ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም፤ የጠራ ውኃ ወጣ ተብሎ ደስ ሲባል ሊታለፍ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበረታል። በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ፣ ወይም በአጥንት ከሰል ማጣራት ይቻላል። ከሰሉ ከከብት አጥንት የሚዘጋጅ በመሆኑ ምእመናን በጾም ወራት ሊጠይቁ ይችላሉና ካህናት አስቀድመው ቢያስረዱ መልካም ነው። ከሰሉን በጊዜው የሚለውጥ ሰው ሳይመደብ ማጣሪያ መትከል ግን በእኛ አስተያየት ከንቱ ድካም ነው።

የሰበካ ጉባኤ አባላት በምርመራው ውጤት ላይ የፍሎራይዱ መጠን መጻፉን ሳያዩ የጉድጓድ ርክክብ እንዳይፈርሙ እናሳስባለን። ሁለት የውኃ ምንጭ ባለበት አጥቢያም ፍሎራይዱ ያነሰው ለሕፃናት መጠጥና ምግብ ይለይ፤ ሌላው ለልብስ እጥበት ይሁን።