ለዕረፍት ስንሄድ ለታናናሾቻችን የምናሳየው በጎ ሥራ



ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወንድም እህቶቻችን በኢንተርኔት የሚሠራ በጎ ፈቃድ ይጠይቁናል። የተባበሩት መንግሥታቱ 18 ዓመት ያልሞላውን አይቀበልም። እኛ የምንመርጥላቸው ኦፕንስትሪትማፕን ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ማንም የሚያርመው ነፃ የዓለም ካርታ። በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የፖርቶ ፕረንስን መንገዶች ከሳተላይት ምስል የሣሉት ከቤታቸው ያልወጡ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቅመውበታል።

የእኛ ገጠር ግን በሳተላይት ብቻ አይታወቅም። ቆርቆሮው ይታያል፤ ጤና ኬላ ይሁን ወፍጮ ቤት ማን ይለያል? መንገዱ ይታያል፤ ክረምት ላይ መኪና ያስገባ አያስገባ አይታይም። ይህን የሚያውቀው በዚያው ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅ ነው። ወላድ ሊያመጣ የሚወጣ አምቡላንስ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ከመንገድ እንቅፋት ማንሳት ሶደቃ መሆኑን መድረሳ ተምረናል፤ መንገድ ማሳየትም ከዚያ የሚርቅ አይመስለንም።

ኔትወርክ ለሌለበት ስትሪትኮምፕሊት የሚባል የአንድሮይድ መተግበሪያ አለ። ከተማ ላይ አካባቢውን አውርዶ፣ ገጠር ላይ ጥያቄዎቹን መልሶ፣ ሲመለሱ መላክ ነው።

ሥራው አማና ነው፤ ያላዩት አይሞላም። የሰው ስምና የጸጥታ ተቋም አይነካም። ወላጅ ይወቅ፣ ከለመዱት መንገድ አይውጡ፤ ጥርጣሬ በሚያስነሳበት ቦታ ስልክ ከኪስ አይወጣም። ይህንን ደጋግመን እንንገራቸው።

መጀመሪያ የራሳቸው ትምህርት ቤት ስም በአማርኛ በትክክል መጻፉን ይዩ።