መኝታ ያለው መኪና የኤሌክትሪክ ኃይል አጠባበቅ

ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚወጣ፣ መኝታና ማቀዝቀዣ የተሰናዳለት መኪና ሁለት ባትሪ ሊኖረው ይገባል፤ ይኸውም አንዱ ለሞተር ማስነሻ፣ ሁለተኛው ለመብራትና ለማቀዝቀዣ ነው። ሁለቱ ካልተለያዩ ሌሊት የበራው መብራት ጧት መኪናውን ያስቀራል፤ በላስታ ተራራ ላይ ደግሞ ገፍቶ የሚያስነሳ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ለልደት በዓል መንገደኛ በሚበዛበት በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሰዋል።

ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ፣ እንዳይጎዳ ከተፈለገ፣ ግማሹ ብቻ ይሠራበታል። ሳያቋርጥ 4 አምፔር የሚስብ ማቀዝቀዣ ይህን በ12 ሰዓት ተኩል ውስጥ ይጨርሰዋል። ያረፈ ባትሪ ተለክቶ 12.6 ቮልት ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ ወደ 12.2 ቢወርድ ግን ሳይውል ሳያድር ይሞላ።

ከሁሉ የሚያሰጋው እሳት ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይነድ ነውና፣ ምክንያቱን ሳይመረምር በሽቦ ቁራጭ የሚተካ ሰው መኪናውን በገዛ እጁ ለእሳት ይሰጣል። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ በአጠገቡ ክብሪት አይጫር። ሲፈታ የኔጌቲቩ ሽቦ ይቅደም፤ ሲታሰር መጨረሻ ይሁን።

ባትሪ በመጋዘን ተቀምጦም ይደክማልና አስመጪው የተሠራበትን ቀን ሳያይ አይረከብ፤ ባለሱቁም ሳይለካ አይሽጥ።